በለጡ ያሳመረቻቸው መልሶች

በለጡ ከባቲ ተነሥታ ጅቡቲ የገባችው በፈረንጆቹ 1998 ነው፤ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተጀምሮ የጭነት መኪናው ሁሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ ባዞረበት ዓመት። ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። ቡና በጫነ ተሳቢ ጋቢና ውስጥ ተቀምጣ መጣችና ወደቡ ጋ ሲደርሱ ሾፌሩን፣ ይኼ ነው እንዴ አገሩ ብላ ጠየቀችው። ሾፌሩ ምን እንዳላት ረስታዋለች። የማትረሳው ገና ከጋቢናው ሳትወርድ ከተማውን መናቋን ነው።

ለነገሩ በለጡ ያልናቀችው ነገር አልነበረም። ክሊማ የሚሉት ማቀዝቀዣ ካልተከፈተላቸው መተንፈስ የሚያቅታቸውን የሄሮን ሰፈር ሀብታሞች ናቀች፤ ክሊማ የሌላቸውን፣ ባልባላ ሰፈር በቆርቆሮ ቤት የሚቀቀሉትንም ናቀች። ከቀትር በኋላ በጫት አፋቸው ተወጥሮ ስለ ዓለም ፖለቲካ የሚተነትኑትን ወንዶች ናቀች። ወደ የመን ለመሻገር ባሕሩ ዳር ቀን የሚጠብቁትን ያገሯን ልጆች፣ ዋና ሳይችሉ ባሕር የሚደፍሩ ብላ ናቀቻቸው። ዳቦ ግን ትሰጣቸው ነበር። ሰጥታ ትሰድባቸዋለች፣ ሰድባ ትሰጣቸዋለች።

ከሁሉ አብልጣ የምትንቀው ግን በዕረፍት ቀናቸው ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ተሰብስበው ያሠሪዎቻቸውን ጓዳ የሚዘረግፉትን የሙያ ጓደኞቿን ነበር። የማን ባል የት እንደሚያድር፣ የማን እመቤት ጥርሷን አውልቃ እንደምትተኛ እየተነሣ ይሣቃል። በለጡ ጥግ ይዛ ተቀምጣ አንድ ቃል አትተነፍስም። የቤት ሠራተኛ ክብሯ ምንድን ነው ብትባል፣ ገመና መሸፈን ነው ትላለች። እንጀራማ ማንም ይጋግራል። ያየችውን ዓይኗ እንጂ አፏ አያውቀውም፤ ሕጓ ይኸው ነበር፣ በዚህ ሕግም አሥራ አምስት ዓመት ኮርታ ኖራለች። ኩራቷ ምን እንዳስከተለባት ነው የምነግራችሁ።

ፈረንሳይኛዋን የተማረችው ከትእዛዝ ነው። መጀመሪያ የተቀጠረችው አንድ የፈረንሳይ መኮንን ቤት ስለነበር አምጪ፣ ውሰጂ፣ ዝጊ፣ ቶሎ በይ የሚለውን በሦስት ወር አጥርታ ያዘችው። “እኔ እፈልጋለሁ” ማለትን ለመልመድ ግን ሰባት ዓመት ፈጀባት፤ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አልነበረማ። የጠየቋት የመጀመሪያው ሰው ጋሽ ዓለምብርሃን ናቸው።

ጋሽ ዓለምብርሃን የምድር ባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት በጣቢያ ጸሐፊነት ያገለገሉ፣ ፈረንሳይኛቸው ፈረንሳዮቹን ራሳቸውን የሚያሳፍር፣ ሚስታቸው ከሞተች በኋላ ሄሮን ከልጃቸው ከኤሌኒ ጋር የሚኖሩ ሰው። ኤሌኒ ወደብ ላይ በአንድ የትራንዚት ቢሮ የምትሠራ፣ ኢትዮጵያዊት ሆና ሳለ ማዳም ብለው ካልጠሯት የምትኮሳተር ሴት ናት። በለጡ በ2006 እዚያ ቤት ስትገባ፣ ሽማግሌው ብድግ ብለው ተቀበሏት። ለሠራተኛ የሚነሣ ሰው አይታ ስለማታውቅ ከኋላዋ እንግዳ የመጣ መስሏት ዞር አለች። ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ጋዜጣቸውን መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ ባማርኛ እያነበቡላት፣ “አንቺስ ምን ትያለሽ?” ይሏት ነበር። በዚያች ከተማ በለጡ ያልናቀችው ብቸኛ ሰው እሳቸው ናቸው ብል አላጋነንኩም።

በ2013 መጋቢት ላይ ጋሽ ዓለምብርሃን መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። የተወሰዱበት ክሊኒክ ውስጥ ከሩቅ ምሥራቅ የመጣ አንድ ጎብኚ ሐኪም ነበር። የሐኪሙን ስም ማንም አጥርቶ ስለማይጠራው ዶክተሩ ብቻ ይሉታል። ይህ ሰው ሽማግሌዎች በማደንዘዣ ተኝተው ኦፕራሲዮን ከተደረጉ በኋላ ለምን እንደሚዘባርቁ ሲመረምር የኖረ ነው። መድኃኒቱ አለኝ ይላል። መድኃኒቱም መርፌ ነው፤ የሚወጋ እንጂ ነገር የሚያስገባ መርፌ አይደለም። ፀጉር የሚያካክሉ መርፌዎች በግንባርና በአናት፣ በእጅ አንጓና በጉልበት ሥር ይሰኩና፣ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ሽቦ ይታሰራል። ሽቦው ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ሳጥኑ ግድግዳ ላይ ይሰካል፣ ከዚያ ትንሽ ትንሽ ኮረንቲ እየለቀቀ መርፌዎቹን ያንቀጠቅጣቸዋል። ከኦፕራሲዮኑ በፊት ግማሽ ሰዓት፣ በኋላም ለአምስት ቀን በየቀኑ ግማሽ ሰዓት። አእምሮ እንዳይደነዝዝ ነው አሉ።

ኤሌኒ የተሰጣትን ቅጽ ሳትጨርሰው ፈረመች። ሽፋኑ ላይ በሰማያዊ ቀለም የሚያበራ የሰው አንጎል ተሥሎ ስለነበር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላስፈለጋትም። በለጡ ሽማግሌው እንደ ሬዲዮ ሽቦ በሽቦ ሆነው ሲተኙ በር ላይ ቆማ አየችና ለራሷ፣ ትልቁን ሰው መጫወቻ አደረጉት አለች። ዶክተሩንም በዚያው ዕለት ናቀችው።

ኦፕራሲዮኑ ደህና ሆነ፤ ዳሌው ተጠገነ። ጋሽ ዓለምብርሃን ሲነቁ ግን ፈረንሳይኛው የለም። የአርባ ዓመት ቋንቋቸው፣ ደመወዝ የበሉበት፣ አለቆቻቸውን የሞገቱበት፣ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ነርሷ በፈረንሳይኛ ስታናግራቸው በትሕትና ፈገግ ይላሉ እንጂ አይመልሱም። የቀረላቸው አማርኛው ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን መሐል መሐሉ ተቦጭቋል።

የሚገርመው ዶክተሩ ይህን አላወቀም። ከዚያ በፊት አነጋግሯቸው ስለማያውቅ፣ ድሮም ፈረንሳይኛ የማይችሉ ሽማግሌ መሰሉት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሉሃል ይኼ ነው፤ የጠፋው ነገር ፊቱ ተዘርግቶ እሱ በመጠይቅ ወረቀት ይፈልጋል። መጠይቁን ለመሙላትም አስተርጓሚ ያስፈልግ ነበርና፣ ኤሌኒ ቢሮ ስለምትውል ሥራው በለጡ ላይ ወደቀ። ዶክተሩ በተሰባበረ ፈረንሳይኛው ነርሷን ሐዲጃን ያዛል፣ ሐዲጃ በደህና ፈረንሳይኛ በለጡን ትጠይቃለች፣ በለጡ ባማርኛ ለሽማግሌው ታቀርባለች፤ መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። ሐዲጃ ሶማልኛና ዓረብኛ ታውቃለች፣ አማርኛ ግን አንድ ቃል አትሰማም። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ ሽማግሌው ያሉትን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነበር ማለት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዘመኑ ስንት ነው የሚል ነበር። ጋሽ ዓለምብርሃን ትንሽ አስበው ሁለት ሺህ አምስት አሉ። ልክ ናቸው፤ ባገራቸው አቆጣጠር ሁለት ሺህ አምስት ነበር። በለጡ በፈረንጆቹ ገልብጣ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ብላ ተናገረች፣ ሐዲጃም ምልክት አደረገች። ሰዓቱ ስንት ነው ተባለ። ሦስት አሉ፤ በለጡ ዘጠኝ ብላ ሰጠች። ይህ ማጭበርበር አይደለም፤ ማንም አስተርጓሚ የሚያደርገው ነው። ችግሩ በለጡ ከዚህ ሁለት ጥያቄ አንድ ትምህርት መውሰዷ ላይ ነው። የሽማግሌው መልስ እንደወረደ ቢቀርብ ስሕተት እንደሚመስል፣ እሷ ስታስተካክለው ግን ልክ እንደሚሆን ተረዳች።

ቀጥሎ ሦስት ቃል ይያዙ ተባለ፤ ወንበር፣ ሎሚ፣ ቁልፍ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ጋሽ ዓለምብርሃን ወንበር አሉና ዝም አሉ። በለጡ ጠበቀች። ሐዲጃ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀች። ዶክተሩም አንገቱን አስግጎ ጠበቀ። ሦስት ሰው አፍ አፋቸውን ሲያያቸው ሽማግሌው አፈሩ፤ ጆሯቸው ሥር ላብ ወረደ። እሷን ብድግ ብለው የተቀበሉ ሰው፣ እንደ ተማሪ ተፈትነው ሲወድቁ ማየት አልቻለችም። ያልታጠበ ዕቃ በጨርቅ እንደምትሸፍን ሴት፣ “ወንበር፣ ሎሚ፣ ቁልፍ” ብላ አቀረበች። ሐዲጃ በሚያበረታታ ፈገግታ ጎበዝ አለቻቸው።

አንዴ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። ከመቶ ላይ ሰባት ሰባት ሲቀነስ በለጡ ቀነሰች፤ ጣቶቿን ከሻርፗ ሥር እየቆጠረች። ሰዓት ይሣሉ ሲባሉ ክቡን ሠርተው ቆሙ፣ እሷም መነጽራቸው ቤት ቀርቷል ብላ አሳለፈችው። ለዚህ ሥራ አሥራ አምስት ዓመት ስትዘጋጅ የኖረች ነበር የምትመስለው። ገመና መሸፈን ከሆነ ማን ይቀድማታል? ካርቲየ 2 የሚቀመጡትን አፈ ሰፊዎች እያሰበች፣ እነሱ ቢሆኑ ይህን ጊዜ ሽማግሌውን አዋርደው ነበር እያለች ትመጻደቅ ነበር።

ውጤቱ ከሠላሳ ሃያ ስምንት ወጣ። ዶክተሩ በደስታ አበደ። ሳጥኑን አጠገባቸው አስቀምጦ ከጋሽ ዓለምብርሃን ጋር ፎቶ ተነሣ፣ ለጉብኝት የመጡ ሦስት ባልደረቦቹንም አስከትሎ አሳያቸው። በየወሩ በተደረገው ፈተናም ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት እያለ ቀጠለ። በአንዱ ወር የሚያውቁትን እንስሳ ሁሉ ይጥሩ ሲባሉ ላም አሉ። ሌላስ ሲባሉ ላም አሉ። በለጡ ደግሞ ከግመል እስከ ጅግራ አሥራ አራት እንስሳ ቆጠረችላቸው። መርፌው ጠቅሞ ይሁን ጎድቶ እስከ ዛሬ ማንም አያውቅም፤ ሲለካ የከረመው የበለጡ አእምሮ ነዋ። እሷማ ዱሮም ንቁ ናት።

ቤት ውስጥ ያለው ሌላ ነበር። ጋሽ ዓለምብርሃን እጃቸውን ሊታጠቡ ቧንቧ ከፍተው ጣሪያ ላይ ያለው ታንከር እስኪደርቅ ይረሱታል። ጎረቤት ግቢ ገብተው አልጋዬ የት ነው ይላሉ። በለጡ ታንከሩን ታስሞላለች፣ ጎረቤቱን ይቅርታ ትጠይቃለች፣ ኤሌኒ ከመምጣቷ በፊት ደግሞ ሽማግሌውን አጥባ፣ አልብሳ፣ የተገለበጠውን ጋዜጣ አቅንታ አስይዛ ታስቀምጣቸዋለች። ኤሌኒ ግንባራቸውን ስማ እንዴት ዋልክ አባዬ ትላለች። እግዚአብሔር ይመስገን ይላሉ። ይህችን መልስ ሰው እስኪሞት አይረሳትም፤ ኤሌኒም ከዚህ በላይ አትጠይቅም ነበር።

ሰኔ ላይ ሽንታቸው እየተዘጋ ያስቸግራቸው ጀመር፣ የፕሮስቴት ነገር ነው ተባለ። የሚያክማቸው ዶክተር አብዱልፈታሕ የሚባል የዚያው የጅቡቲ ሰው ነው። ይህ ሰው ሊናቅ የማይመች ስለነበር በለጡ ገና ስታየው ከፋት። ብዙ አይናገርም፣ ሲጠይቅ ደግሞ መልስ ይጠብቃል። ኤሌኒንና በለጡን ፊት ለፊቱ አስቀምጦ ነገሩን አስረዳቸው። ሁለት መንገድ አለ፤ አንዱ ቢላዋ ነው፣ በአንዴ የሚገላግል ነው፣ ግን ዳግመኛ ማደንዘዣ ይፈልጋል። ሌላው በመድኃኒትና በቱቦ መቆየት ነው፤ አስቀያሚ ነው፣ ግን ይቻላል። ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን በኋላ ሐሳባቸው ተነክቶ ከሆነ ዳግመኛ ማስተኛቱ ያለውንም ሊወስድባቸው ይችላል አለ። ስለዚህ ሳይደብቁ እንዲነግሩት ለመነ።

ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞሮ በፈረንሳይኛ ሰላም አላቸው። ፈገግ አሉ እንጂ አልመለሱም። ዶክተር አብዱልፈታሕ፣ የምድር ባቡር ሰው አይደሉም እንዴ፣ ፈረንሳይኛውስ ብሎ ጠየቀ። ኤሌኒ ፈጠን ብላ፣ ድሮም ብዙ አይወደውም አለች። በለጡ ቀና ብላ አየቻት፤ ኤሌኒ ግን ዓይኗን ጠረጴዛው ላይ ከተዘረጋው የፈተና ወረቀት አልነቀለችም። ሃያ ስምንት፣ ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት። ዶክተር አብዱልፈታሕ ወረቀቶቹን ገላልጦ አየና ወደ በለጡ ዞረ።

“ቀኑን ሙሉ አብረሻቸው የምትውይው አንቺ ነሽ። እንዴት ናቸው?”

ትእዛዝ አልነበረም፤ ጥያቄ ነው። በለጡ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ቃል ሰምታዋለች፤ በፈረንሳይኛ መመለስም ትችላለች። እውነቱን ብትናገር ሽማግሌው በሰው ፊት ይዋረዳሉ፣ እሷም ሦስት ወር የዋሸች ሆና ትቀራለች። የቤት ገመና በገዛ አፏ ሊወጣ ነው። ልቧ ተናገሪ ተናገሪ እያላት፣ “ደህና ናቸው” አለች።

ሐምሌ መጀመሪያ ላይ፣ ካምሲን የሚሉት ነፋስ ከተማውን ባሸዋ በሚያጥብበት ሰሞን፣ ጋሽ ዓለምብርሃን ዳግመኛ ተኙ። ዶክተሩ ሳጥኑን ይዞ በሰዓቱ ተገኘ፣ መርፌዎቹ ተሰኩ፣ ተንቀጠቀጡ። ኦፕራሲዮኑ አሁንም አማረ። ሽማግሌው በሦስተኛው ቀን ዓይናቸውን ገለጡ፤ በለጡ ተንበርክካ እግራቸውን ስታሽ አይተው፣ ይቅርታ እመቤቴ፣ አይድከሙ አሏት። ሰባት ዓመት በሌ እያሉ የጠሯትን ሴት አንቱ አሏት። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፤ እሳቸውም ምን ሆና እንደምታለቅስ ስላላወቁ አብረው አዘኑላት።

ከሳምንት በኋላ ፈተናው መጣ። በለጡ ያን ሌሊት ሳትተኛ አድራ ቆርጣ ነበር፤ ያሉትን እንጂ ሌላ አንድ ቃል አልጨምርም ብላ። ዘመኑ ስንት ነው ተባሉ፤ አላውቅም አሉ፣ አያውቁም ብላ አቀረበች። ይህ ቦታ የት ነው ተባሉ፤ ድሬዳዋ አሉ፣ ድሬዳዋ ብላ አቀረበች። ሦስቱን ቃል አንዱንም አልያዙም። እንባዋን ባይበሉባዋ እየጠረገች ቀጠለች። መጨረሻ ላይ ሐዲጃ በራሷ ጊዜ፣ ወረቀቱ ላይ የሌለ ጥያቄ፣ ይህች አጠገብዎ ያለችው ሴት ማን ናት ብላ አስጠየቀች።

ጋሽ ዓለምብርሃን በለጡን ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጨዋ ሰው እንግዳውን እንዳያሳፍር እንደሚያደርገው፣ “እሷማ የታወቀች ሰው ናት” አሉ። “ቤተሰቦቿም ደጋግ ነበሩ።”

“አላወቁኝም” አለች በለጡ ለሐዲጃ።

ውጤቱ ከሠላሳው አምስት ብቻ ሆነ። በዚያ ክሊኒክ ስለ ጋሽ ዓለምብርሃን ከተጻፈው ሁሉ እውነት የነበረው ይኸው አንድ ወረቀት ብቻ ነው። ዶክተሩ ከነሃያ ስምንቶቹ አጠገብ አድርጎ ግራ ቀኝ አየው፣ የበለጡንም ቀይ ዓይን አየ፣ ከዚያ ለሐዲጃ አንድ ነገር ነገራት። ሐዲጃ እያፈረች ተረጎመችላት። አስተርጓሚዋ ስታለቅስ ስለነበር ይህ ፈተና አይታመንም፤ አይቆጠርም። በለጡ የቀደሙት ናቸው ውሸቱ፣ እኔ ነበርኩ የምመልሰው ብላ ብትምልም፣ ዶክተሩ በርኅራኄ ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ ውኃ አስመጣላት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። የመጨረሻውን ወረቀት ከመዝገቡ ለይቶ አወጣው፣ በወሩም ሳጥኑን ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሄደ። ጋሽ ዓለምብርሃን እዚያ ጥናት ውስጥ እስከ ዛሬ የዳኑ ናቸው።

ከዚያ በኋላ በአንዱ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ኤሌኒና በለጡ ወጥ ቤት ነበሩ። ኤሌኒ ወጥ ቤት የምትገባ ሴት አልነበረችም፤ ያን ቀን ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና ምስር የምትለቅመውን በለጡን ዝም ብላ ታያት ጀመር። በለጡ የእመቤቷን ዝምታ በልቧ ትንቅ ነበር፤ ቅጹን ሳታነብ የፈረመች፣ ባባቷ ፊት ላይ የተጻፈውን ሳታይ ወረቀት ያየች እያለች። በኋላ ኤሌኒ፣ “አራት ወር ግን ደህና ነበር” አለች። “ሁለተኛው እስኪደረግ አራት ወር አባቴን አግኝቼዋለሁ።”

በለጡ ምስሩን ከጭኗ አወረደች። እዚህም ላይ ዝም ብትል ማንም አይጠይቃትም ነበር።

“አልነበሩም ማዳም። ያኔም ጠፍተው ነበር። ፈተናውን ስመልስ የነበርኩት እኔ ነኝ።”

ስድቡን፣ ጥፊውን፣ ውጪ ውጪ መባሉን ተዘጋጅታ ጠበቀች። ኤሌኒ ግን ቀና እንኳ አላለችም።

“አውቃለሁ” አለች። “እንስሳ ሲያስቆጥሩት ከቢሮ ቀድሜ መጥቼ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። እሱ ያለውንም ሰማሁ፣ አንቺ ያልሺውንም ሰማሁ። ባማርኛም በፈረንሳይኛም ሰማሁ። ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።”

በለጡ ያወረደችውን ምስር ወደ ጎን ገፋችው።

“ዶክተር አብዱልፈታሕ ሲጠይቀን አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ” አለች ኤሌኒ።

“እኔ ደግሞ ልጅየዋ ናት የምትናገረው ብዬ” አለች በለጡ።

ከሳሎን የጋሽ ዓለምብርሃን ድምፅ መጣ። እባካችሁ ሰዎች፣ የቤቱ ባለቤቶች ካሉ ንገሩልኝ፣ ብዙ አስቸገርኳቸው መሰለኝ፣ ልሂድ ይላሉ። ሁለቱ ሴቶች እኩል ብድግ አሉ፤ በሩ ጋ ሲደርሱ ግን ሁለቱም ቆሙ። ማናቸው ገብተው ምን እንደሚሏቸው አላወቁም ነበር።